መፍቻው የተቆረጠ ካርታ

የተከበራችሁ የወረዳና የቀበሌ የግብርና ባለሙያዎች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

የክረምቱ ትንበያ በየስልካችሁ ደርሷል። አንዱ ከኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት፣ ሌላው ከኢጋድ የአየር ንብረት ማዕከል ከኢክፓክ፣ ሌላው ደግሞ ላኪው ከማይታወቅ የቴሌግራም ምስል። የተጠራሁት ስለ አየር ሁኔታ ድረ ገጾች አጠቃቀም እንድናገር ነው። ከሁሉ በፊት ግን ስለ ቀለም መፍቻው፣ ማለትም በካርታው ዳር እያንዳንዱ ቀለም ምን ማለት እንደሆነ ስለሚናገረው ዝርዝር፣ መናገር አለብኝ።

በወቅታዊ ትንበያ ካርታ ላይ አረንጓዴ ማለት «ዝናብ ይበዛል» ማለት አይደለም። ከ1991 እስከ 2020 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ያለው የሠላሳ ዓመት የክረምት ዝናብ ከትንሹ ወደ ትልቁ ይደረደራል። ታችኞቹ አሥሩ «ከመደበኛ በታች»፣ መካከለኞቹ «መደበኛ»፣ ላይኞቹ «ከመደበኛ በላይ» ይባላሉ። ምንም ፍንጭ ከሌለ የእያንዳንዳቸው ዕድል 33 በመቶ ነው፤ ትንበያው ይህን ሚዛን ወደ አንዱ ያጋድለዋል። ከመደበኛ በላይ 45፣ መደበኛ 30፣ ከመደበኛ በታች 25 የሚል ቁጥር ብታገኙ ካርታው አረንጓዴ ይቀባል። ይሁንና ያው ካርታ ከአራት አንድ ዕድል ዝናቡ እንደሚያንስ እየነገራችሁ ነው። ገበሬው «ዘንድሮ ጥሩ ነው» ሲባል ሰምቶ ማሳውን በሙሉ ዘግይቶ በሚደርስ ማሽላ ከሸፈነው፣ ያቺ አንዷ ዕድል የዓመት ቀለቡን ትወስዳለች። በአንዳንድ ካርታ ላይ ነጭ ቦታም ዝናብ የለም ማለት አይደለም፤ ሦስቱም እኩል ዕድል አላቸው ማለት ነው።

ደግሞም ካርታው የሚናገረው ስለ ወቅቱ ድምር እንጂ ስለ ስርጭቱ አይደለም። 600 ሚሊ ሜትር ሙሉ በሙሉ ዘንቦ፣ በቆሎው ሲያብብ አሥራ አምስት ቀን ከደረቀ ምርቱ ይመታል። ከዚያ «ትንበያው ዋሸ» ይባላል። ትንበያው አልዋሸም! መፍቻውን ቆርጦ፣ ቀኑን ደምስሶ፣ ቀለሙን ብቻ ለሺህ ሰው ያሰራጨው ነው ገበሬውን ያሳሳተው። ቁጥር፣ ቀንና ምንጭ የሌለው ካርታ ከእናንተ ከማናችሁም ስልክ መውጣት የለበትም።

«ከመደበኛው በመቶኛ» የሚለው ካርታም እንዲሁ ያታልላል። የአሥር ቀን መደበኛው 4 ሚሊ ሜትር በሆነበት የአፋር ቀበሌ 12 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ ካርታው 300 በመቶ ብሎ ደማቅ ቀለም ይቀባል። ያ ውሃ በሁለት በሦስት ቀን ተንኖ ያልቃል። ስለዚህ የመቶኛውን ካርታ ከሚሊ ሜትሩ ካርታ ጋር ጎን ለጎን ክፈቱ።

ያለፈውን ዝናብ ለማየት ማፕሩም የተባለው የኢንስቲትዩቱ የካርታ ድረ ገጽ የጣቢያ ልኬትንና ሳተላይትን አጣምሮ፣ አገሩን በ4 ኪሎ ሜትር ገደማ ሳጥን ከፋፍሎ ያሳያል። ቺርፕስ የተባለው የሳተላይትና የጣቢያ ዝናብ መረጃ ደግሞ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1981 ጀምሮ በ5 ኪሎ ሜትር ገደማ ሳጥን አለ። ሳተላይቱ በአብዛኛው የሚያየው የደመናውን አናት ቅዝቃዜ ነው፤ ተራራ ታክኮ ከዝቅተኛ ደመና የሚወርደውን ዝናብ ያሳንሰዋል፣ ዝናብ የሌለውን ከፍተኛ ስስ ደመና ደግሞ አንዳንዴ ዝናብ ይለዋል።

ዊንዲ በተባለው የአየር ሁኔታ መተግበሪያ የየዕለቱን ትንበያ የምታዩ፣ ትንበያውን ያሰላውን የኮምፒውተር ሞዴል ለዩ። ጂኤፍኤስ የተባለው የአሜሪካ ሞዴል ብዙ ጊዜ የሚቀርበው በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ ሳጥን ነው፤ ደጀንና የዓባይ ሸለቆ ሥር አንድ ሳጥን ሊገቡ ይችላሉ። በመካከላቸው ግን ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ የከፍታ ልዩነት አለ፤ ሙቀቱ ስድስት ዲግሪና ከዚያ በላይ ይለያያል።

ሰዓቱንም ተጠንቀቁ። የሳተላይትና የሞዴል መረጃ የሚቆጠርበት ዓለም አቀፍ ሰዓት፣ ዩቲሲ፣ 00 ሲል በእኛ ሌሊት 9 ሰዓት ነው። የቀበሌው የዝናብ መለኪያ የሚነበበው ግን ጠዋት 3 ሰዓት ስለሆነ፣ የሌሊት ዝናብ በሳተላይቱና በመዝገባችሁ በተለያየ ቀን ሊገባ ይችላል። አንድ ቀንን ከአንድ ቀን አታነጻጽሩ፤ የአሥር ቀን ድምር ከአሥር ቀን ድምር ጋር ይወዳደር።

ስለ ኤል ኒኞ፣ ማለትም ስለ ፓስፊክ ውቅያኖስ ውሃ ከወትሮው መሞቅ፣ በአጭሩ፦ የሰሜኑንና የመካከለኛውን ክረምት ያሳንሳል፣ የደቡብና የደቡብ ምሥራቁን የጥቅምት–ኅዳር ዝናብ ግን ብዙ ጊዜ ይጨምራል። ቦረናና ወሎ በአንድ ዓረፍተ ነገር አይጠቃለሉም።

ከሻይ በኋላ እያንዳንዳችሁ የወረዳችሁን ሳጥን ከፍታችሁ ሦስቱን የዕድል ቁጥሮች በወረቀት ትጽፋላችሁ። ከዚያ ከጣቢያችሁ የአምናው የአሥር ቀን መዝገብ ጋር እናስተያያለን። አመሰግናለሁ።