ከድጡ ወደ ማጡ፦ በካያክ ወደ ረግረግ ጭቃ ለሚወርዱ አድማጮች የተሰጠ መልስ

ጥያቄ (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)፦ ቅዳሜ ጠዋት ሳናቅድ ተነስተን፣ በፓተክሰንት ወንዝ ካያክ (ጠባብና ትንሽ ጀልባ) እየቀዘፍን፣ እንደ ልጅነታችን ጭቃ ውስጥ ልንንቦራጨቅ አስበናል። ምን እንያዝ?

መልስ፦ ከምትይዙት ዕቃ በፊት ሰዓቱን እዩ። የፓተክሰንት የታችኛው ክፍል ከባሕሩ ጋር ይሞላል፣ ይጎድላል፤ ለእያንዳንዱ 6 ሰዓት ከሩብ ገደማ ይወስዳል። የአሜሪካው የውቅያኖስና የከባቢ አየር ተቋም (ኖኣ) የየቀኑን ሰዓት በነጻ ያወጣል። ጭቃው ላይ ድረሱ፣ ግን ውሃው ጎድሎ አብቅቶ መሙላት ሲጀምር ይሁን። እየጎደለ ከገባችሁ ካያኩ ደረቅ ጭቃ ላይ ይቀርና እስኪሞላ ትጠብቃላችሁ። አጎዳደሉም እኩል አይደለም። በመጀመሪያው ሰዓት ጥቂት ይቀንሳል፤ በ3ኛውና በ4ኛው ሰዓት ግን ግማሽ ያህሉ ይሄዳል። «ገና ነው» ያሉትን የሚያታልላቸው ይህ ነው።

የሚሞላው ውሃ ካያኩን ያነሳል፤ እግሩ የተያዘን ሰው ግን ያሰጥማል። ስለዚህ ላይፍ ጃኬት (ውሃ ላይ የሚያንሳፍፍ ሰደርያ) ጭቃ ውስጥም አይወልቅ። የካያኩን ገመድ በእጃችሁ ያዙ እንጂ በወገባችሁ ወይም በእጅ አንጓችሁ አትቋጥሩት። ከመውረዳችሁ በፊት መቅዘፊያውን ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ጭቃው ስደዱ፤ ያለ ብዙ ግፊት ከጉልበታችሁ ቁመት በላይ ከሰመጠ ቦታ ቀይሩ። ሰው በላዩ የሚቀመጥበት ካያክ ከውስጥ ከሚገቡበት ይሻላል፤ ጭቃ የተለወሰ ሰው በቀላሉ ይወጣበታል። የዱር ሩዝ የበቀለበትን ረግረግ ግን ከውሃው ላይ ሆናችሁ እዩት፤ አትርገጡት።

ጥያቄ፦ ጭቃ ሰው ይውጣል ይባላል። እግር ከተያዘስ?

መልስ፦ ወፍራም ጭቃ ከሰው ገላ ስለሚከብድ እስከ ራስ አይውጥም። አደጋው መያዙ ነው። ጭቃ ሲነቃነቅ ይቀጥናል፣ ሲተዉት ይጠነክራል። እግር ሽቅብ ሲጎተት ደግሞ ከጫማው ሥር አየርም ውሃም የማይገባበት ክፍተት ይፈጠርና ወደ ታች ይመጠዋል። አንዱን ለማውጣት ሲታገሉ ክብደቱ ሁሉ በሌላው ላይ ያርፍና እሱም ይሰምጣል፤ ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይኸው ነው።

መፍትሔው ክብደትን መበተን ነው። ደረታችሁን ካያኩ ላይ ጣሉ። አንዱን እግር በትንሽ በትንሹ ወደ ፊትና ወደ ኋላ አነቃንቁ፤ በጠርሙስ ውሃ በቅልጥማችሁ በኩል አፍስሱ። ውሃው ሥር ሲደርስ መመጠጡ ይላላል። የእግር ጣቶቻችሁን ወደ ታች ጠቁማችሁ ተረከዝ በቅድሚያ ቀስ ብላችሁ ሳቡ። የወጣውን እግር ጭቃው ላይ አትመልሱት፤ ጉልበቱን ካያኩ ላይ አሳርፉ፣ ከዚያ ሁለተኛውን ጀምሩ። ካያኩ ከራቀ ወደ ኋላ ተጋደሙ፣ መቅዘፊያውን ከጀርባችሁ ሥር አግድሙ። የሚረዳ ጓደኛ በእግሩ ሳይሆን በካያክ ይምጣ። በሞተር ጀልባ ወይም በመኪና ገመድ መጎተት መገጣጠሚያን ይጎዳል፣ አይሞከር። ውሃው እየሞላ ከሆነ ትግሉን ሳትጨርሱ ወደ ድንገተኛ አደጋ ቁጥር 911 ደውሉ። ስልኩ ውሃ በማያስገባ ከረጢት ገላችሁ ላይ ይኑር፤ ካያኩ ውስጥ የተቀመጠ ስልክ ከካያኩ ጋር ይሄዳል።

ጥያቄ (ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)፦ ቦቲ ጫማ ይሆናል?

መልስ፦ አይሆንም፤ ውሃና ጭቃ ሞልቶበት መልሕቅ ይሆናል። ሰንደልም ጭቃው ውስጥ ይቀራል። በማሰሪያ አጥብቆ የታሰረ ያረጀ ስኒከር ይበቃል። ባዶ እግር ግን በጠርሙስ ስባሪ፣ በዛጎልና በመንጠቆ ይቆረጣል፤ ወደ ቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ የቀረበ ጨዋማ ውሃ ደግሞ በሙቀት ወራት ቁስል የሚያመረቅዝ ቪብሪዮ የተባለ ባክቴሪያ አለው። ቁስል ያለበት ሰው ይቅርበት።

ጥያቄ (ከዋሽንግተን ዲሲ)፦ የአናኮስቲያ ወንዝ ቅርባችን ነው፤ እዚያስ?

መልስ፦ ቅዘፉ፣ ጭቃው ውስጥ ግን አትግቡ። በዲሲ ወንዞች መዋኘት ከ1971 ጀምሮ የተከለከለ ነው። ከታች ያለው ደለል ፒሲቢን የመሰሉ ለዘመናት የተጠራቀሙ ኬሚካሎች አሉበት፤ ጭቃ መንቦራጨቅ ደግሞ በትክክል ያንን ደለል ማንቃት ነው።

ጥያቄ (ከባህር ዳር)፦ ጣና ዳር ደንገሉ ውስጥስ?

መልስ፦ ጣና እንደ ባሕሩ በየስድስት ሰዓቱ አይሞላም፣ አይጎድልም። ችግሩ ሌላ ነው፤ ሣርና ደንገል ባለበት ዳር ቢልሃርዚያ የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎች አሉ፣ ተውሳኩም በጤነኛ ቆዳ በኩል ይገባል። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ጉማሬም አለ። ቀድሞ ከገባችሁ በማግስቱ የሚደረግ የሰገራ ምርመራ ምንም አያሳይም፤ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቆይታችሁ ተመርመሩ፣ ከተገኘ መድኃኒቱ ፕራዚኳንተል ነው።