ዜሮ ወለድ እስከ መቼ? የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ባለፈው ሳምንት አሜሪካ ስላሉት «ዜሮ ፐርሰንት» ክሬዲት ካርዶች፣ ማለትም ለተወሰነ ጊዜ ወለድ ስለማያስከፍሉት፣ አንስተን ስልኩ አላርፍ ብሎ ነበር። ሦስቱን ጥያቄዎች ከነመልሳቸው እነሆ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ታክሲ የሚነዳ አድማጭ፦ «6,000 ዶላር የካርድ ዕዳ አለብኝ፤ ወለዱ 24 በመቶ ነው። ሌላ ባንክ ‹ዕዳህን ወደኛ አዙር፣ 18 ወር ያለ ወለድ ክፈል› እያለ ደብዳቤ ይልክልኛል። ወጥመድ ነው እንዴ?»

ወጥመድ አይደለም ወንድሜ፤ ነፃም አይደለም። አሁን ወለዱ ብቻ በወር 120 ዶላር ገደማ እየበላህ ነው። አዲሱ ባንክ ዕዳውን ሲያዞር አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 በመቶ ያስከፍላል። በ3 በመቶ ብንይዘው 180 ዶላር፣ የወር ከግማሽ ወለድህ ማለት ነው። ያዋጣል። ግን 6,180ን ለ18 አካፍለው፤ በወር 344 ዶላር ይመጣል። ይህን እንደ ቤት ኪራይ ቆጥረህ መክፈል ትችላለህ? ጥያቄው እሱ ነው። ስቴትመንቱ (ወርሃዊው የሂሳብ መግለጫ) ላይ «ሚኒመም»፣ ማለትም ዝቅተኛው ክፍያ፣ የሚለውን ትንሽ ቁጥር አትመነው። በወር 100 ዶላር ብቻ ብትከፍል፣ 18 ወሩ ሲያልቅ 4,380 ዶላር ቁጭ ብሎ ይጠብቅሃል። ከዚያ በኋላ ደግሞ ወለዱ መደበኛው ነው።

ክፍያህ 60 ቀን ካለፈው ባንኩ ዜሮውን ሊያነሳብህ ሕጉ ይፈቅድለታል። ስለዚህ ኦቶፔይ አድርገው፤ በየወሩ ከባንክ ሂሳብህ ራሱ ይከፈል። ባዶ የሆነውን አሮጌ ካርድ ደግሞ ከኪስህ አውጣው። ባዶ ካርድ እጅ ያሳክካል፤ ስንቱን ሰው ሁለት ዕዳ ሲያሸክም አይቻለሁ።

ከአሌክሳንድርያ፣ ቨርጂኒያ፦ «በሱቅ ካርድ የ2,400 ዶላር ሶፋ ገዛሁ። 12 ወር ወለድ የለውም አሉኝ። በየወሩ 195 ዶላር ከፈልኩ። 60 ዶላር ብቻ ሲቀረኝ 400 ዶላር ገደማ ወለድ ጣሉብኝ። ተሳስተው ነው አይደል?»

እህቴ፣ ያናድዳል እንጂ ስህተት አይመስለኝም። ይህ «ዲፈርድ ኢንተረስት» የሚሉት ነው። ወለዱ ቀርቶልሽ አልነበረም፤ ከገዛሽበት ቀን ጀምሮ ጎን ላይ ሲጠራቀም ነበር። ቀኑ ሲደርስ ዕዳው አንድ ዶላር እንኳ ከቀረው ያን ሁሉ ባንዴ ያወርዱታል። የሱቅ ካርድ ወለድ 30 በመቶ አካባቢ መሆኑ የተለመደ ስለሆነ፣ 400 ዶላሩም ከዚያ ጋር ይገጥማል። የሚያንገበግበው፣ በወር 5 ዶላር ብቻ ብትጨምሪ ኖሮ 200 ሲባዛ በ12፣ ልክ 2,400 ይሆንልሽ ነበር።

አሁን ደውይና በትህትና «ይቅር በሉኝ» በይ። ግዴታ የለባቸውም፤ ግን አንዳንዴ ይሰርዛሉ። ለሌሎቻችሁ፣ ማስታወቂያው ላይ «ኢፍ» (‹ከሆነ› እንደማለት) የምትል ቃል ፈልጉ። «ኖ ኢንተረስት ኢፍ ፔይድ ኢን ፉል»፣ ማለትም ‹ሙሉ በሙሉ ከተከፈለ ወለድ የለውም›፣ ካለ የሶፋው ዓይነት ነው። «ዜሮ ፐርሰንት ኢንትሮ» (ለመጀመሪያዎቹ ወራት ዜሮ ወለድ) የሚለው ግን ጊዜው ሲያልቅ ወለድ የሚያስበው በቀረው ዕዳ ላይ ብቻ ነው፣ ወደ ኋላ አይቆጥርም። በእንግሊዝኛ የአንድ ቃል ልዩነት ናት፤ ሻጩ ቆሞ እየጠበቀ ማን ያነባታል?

ከሲያትል አንድ አባት፦ «አዲሱ ካርዴ 15 ወር ዜሮ ነው። ለፋሲካ በሱ አዲስ አበባ ገንዘብ ብልክስ?»

ይተዉት አባቴ። ብዙ ባንኮች በክሬዲት ካርድ የሚላክ ሐዋላን ጥሬ ገንዘብ እንደማውጣት ነው የሚቆጥሩት። ዜሮው አይነካውም። የራሱ ኮሚሽን አለው፤ ወለዱም ከዚያው ቀን ይጀምራል። ከባንክ ሂሳብዎ ወይም በዴቢት ካርድ ይላኩ። በጉ ትንሽ ቢያንስ ቤተሰብ አይቀየምዎትም።