ዲስኤብል፦ ችሎታ የሚነሳው ግስ

ሰላም ለሁላችሁ። ዛሬ አንድ የእንግሊዝኛ ግስ ይዤ መጥቻለሁ። በቀን ስንት ጊዜ እንደምናየው ሳናስተውል የምናልፈው ግስ ነው። ዲስኤብል።

ከስልክ እንጀምር። አንድሮይድ ስልክ ላይ ሴቲንግ ግቡና አፖቹን አንድ በአንድ እዩዋቸው። ራሳችሁ ያወረዳችሁት አፕ ከሆነ አንኢንስቶል የሚል ምርጫ አለው። ከስልኩ ጋር አብሮ የመጣ አፕ ከሆነ ግን ብዙ ጊዜ ያ ምርጫ የለም። በቦታው ያለው ዲስኤብል ነው።

ልዩነቱ ምንድን ነው? አንኢንስቶል ስትሉት አፑ ከስልኩ ይወጣል። ዲስኤብል ስትሉት አይወጣም። እዚያው ስልኩ ውስጥ ቁጭ ብሏል። ግን አይከፈትም፣ ከጀርባ አይሠራም፣ ከሌሎቹ አፖች ጋርም አይታይም። ስትፈልጉ ደግሞ ትመልሱታላችሁ። ይህን ከያዛችሁ የቃሉን ልብ ይዛችኋል። ነገሩ አለ፤ የተወሰደበት መሥራት መቻሉ ነው።

[በስክሪኑ ላይ፦ ዲስ + ኤብል]

ቃሉን እንፍታው። ኤብል ማለት «የሚችል» ነው። የመጣው ሃቢሊስ ከሚል የላቲን ቃል ሲሆን ወደ እንግሊዝኛ የገባው በድሮው ፈረንሳይኛ በኩል ነው። ሃቢሊስ «ለመያዝ የሚመች» እንደ ማለት ነው፤ ሥሩም መያዝን ያመለክታል። ፊት ላይ ያለው ዲስ ደግሞ ያለን ነገር ያላቅቃል። ኮኔክት ማገናኘት ነው፣ ዲስኮኔክት ማለያየት። አርም ማስታጠቅ ነው፣ ዲስአርም ትጥቅ ማስፈታት። ዲስኤብልም በዚሁ መንገድ የተሠራ ነው። ግሱ በእንግሊዝኛ ውስጥ ከ15ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ አለ። ስታነቡት ዲስ-ኤይ-ብል ነው፤ ድምፁ የሚጠነክረው መሃል ላይ ነው።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ላይ ደርሰናል። እዚህ ትንሽ እንቆይ።

አንኤብል የሚባል ሌላ ቃል አለ። እሱ ቅጽል ነው፤ «ያልቻለ» ማለት ነው። ለስብሰባ መምጣት ያልቻለ ሰው «አይ አም አንኤብል ቱ ካም» ይላል። «አይ አም ዲስኤብልድ ቱ ካም» ካለ ግን ስህተት ነው። ሰሚው ግራ ይጋባል፤ ስለ አካል ጉዳት የሚያወራም ሊመስለው ይችላል።

በአማርኛ ብናስበው ነገሩ ግልጽ ይሆናል። «አጣ» እና «አሳጣ» አንድ አይደሉም አይደል? «አቅም አጣ» ስንል የምንናገረው ስለ ሰውየው ነው። «አቅም አሳጣው» ስንል ግን ወዲያው ጥያቄ ይመጣል፤ ማን? ምን? አንኤብል ከ«አጣ» ጎን ይቆማል። ዲስኤብል «አሳጣ» ነው። ሁልጊዜም አድራጊ አለው። ቢነገርም ባይነገርም አለ። እኔ ቃሉን የምወደው በዚህ ምክንያት ነው።

አንድ የሰዋስው ነገር ልጨምር። የዚህ ግስ ተቃራኒ ኢኔብል ነው፤ ማስቻል። ኢኔብል ከኋላው ቱ እና ሌላ ግስ ይወስዳል፤ «ኢት ኢኔብልስ ሚ ቱ ዎርክ»፣ እንድሠራ ያስችለኛል። ታዲያ ሰው ይህን አይቶ «ኢት ዲስኤብልስ ሚ ቱ ዎርክ» ይላል። አይባልም። ዲስኤብል የሚፈልገው የሚሰናከለውን ነገር ብቻ ነው፤ አላርሙን፣ ካሜራውን፣ ሞተሩን። «እንዳልሠራ ከለከለኝ» ለማለት ፕሪቨንት የሚለውን ግስ ተጠቀሙ።

ከመጉዳት ጋርም አታምታቱት። በሩ የተጫረ መኪና ተጎድቷል፤ ግን ይሄዳል። ዲስኤብልድ አይባልም። የባትሪው ገመድ የተነቀለ መኪና ደግሞ አንድ ጭረት ላይኖረው ይችላል፤ ግን አይነሳም። እሱ ዲስኤብልድ ነው። የጦርነት ዜና ስታነቡም ይህን አስታውሱ። አንድ ታንክ ዲስኤብልድ ሆነ ከተባለ የግድ ወድሟል ማለት አይደለም። መንቀሳቀስ ወይም መተኮስ አቅቶት ቆሟል ማለት ነው። ሊጠገንም ይችላል።

[በስክሪኑ ላይ፦ የደበዘዘ «ላክ» ቁልፍ]

ኢንተርኔት ላይ ፎርም ስትሞሉ «ላክ» የሚለው ቁልፍ ደብዝዞ አይታችሁ ይሆናል። ብትነኩት ምንም የለም። ስማችሁን፣ ኢሜይላችሁን ስትሞሉ ቁልፉ ይደምቃል። እስከዚያ ድረስ ዲስኤብልድ ነበር። የድሮ አይፎኖችም የይለፍ ቁጥር ደጋግማችሁ ስትሳሳቱ «አይፎን ኢዝ ዲስኤብልድ» ይሏችሁ ነበር። በኋላ ይህ መልእክት ተቀይሮ «አንአቬይለብል» ሆኗል።

ዲአክቲቬት የሚባል ዘመድም አለው። ፌስቡክ ላይ ልዩነታቸው ጥሩ አድርጎ ይታያል። አካውንታችሁን ራሳችሁ ለጊዜው ስትዘጉት ዲአክቲቬት ይባላል። ደንብ ጥሳችኋል ብሎ ድርጅቱ ሲዘጋባችሁ ግን ዲስኤብልድ ይላችኋል። ይህ የቋንቋ ሕግ አይደለም፤ የእነሱ አጠቃቀም ነው። ቢሆንም አድራጊው ማን እንደሆነ በቃሉ ትለያላችሁ።

ቃሉ በሕግም ረጅም ታሪክ አለው። በእንግሊዝ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1640ዎቹ፣ ከንጉሡ ጎን የቆሙ የፓርላማ አባላት መቀመጫቸውን ተነጥቀዋል። መዝገብ ላይ ስማቸው አጠገብ የምታገኙት ቃል ዲስኤብልድ ነው። እጃቸው፣ እግራቸው፣ አእምሯቸው ሁሉ ደህና ነበር። የተወሰደባቸው መብት ነው።

አሁን ወደ ሰው እንምጣ። ለእኔ ዋናው ክፍል ይህ ነው።

«ዲስኤብልድ ፒፕል» ማለት አካል ጉዳተኞች ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ግን ቅርጹን እዩት። የተደራጊ ቅርጽ ነው። አላርሙ ዲስኤብልድ ከሆነ አንድ ሰው አጥፍቶታል። ሰውስ ዲስኤብልድ ከሆነ፣ አድራጊው ማነው?

ብዙ ሰው «አካሉ ነዋ» ብሎ ያልፋል። ይህን መልስ ያልተቀበሉ ሰዎች ነበሩ። በብሪታንያ ዩፒያስ በሚባል ማኅበር የተደራጁ አካል ጉዳተኞች እ.ኤ.አ. በ1976 አንድ ሰነድ አሳተሙ። እዚያ ላይ ሁለት ቃላት ለዩ። የአካሉን ሁኔታ ኢምፔርመንት አሉት፤ እግር አለመታዘዙ፣ ዓይን አለማየቱ። ዲስኤቢሊቲ ደግሞ በዚያ ላይ ከውጭ የሚጫነው ነው። በዊልቸር የሚሄድ ሰው ደረጃ ብቻ ያለው ሕንጻ በር ላይ ሲደርስ ይቆማል። መወጣጫ ራምፕ ካለ ይገባል። እግሩ በሁለቱም ጊዜ ያው ነው። የተለወጠው በሩ ነው።

በዚህ ምክንያት በብሪታንያ ብዙ አካል ጉዳተኞች ዛሬም «ዲስኤብልድ ፒፕል» መባልን ይመርጣሉ። የተደራጊው ቅርጽ አድራጊ እንዳለ ያስታውሳልና። ሌሎች ደግሞ ሰው የሚለው ይቅደም ብለው «ፐርሰንስ ዊዝ ዲስኤቢሊቲስ» ይላሉ። እ.ኤ.አ. በ2006 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም የሚጠቀመው ይህንን ነው። ሁለቱም አክብሮት አላቸው። ሰውየው ራሱን የሚጠራበትን ተከተሉ። ፒፕል የሚለውን ቆርጣችሁ «ዘ ዲስኤብልድ» ብቻ ማለትን ግን ብትተዉት ይሻላል፤ ሰው የሚለው ከቃሉ ይጠፋል።

ወደ አማርኛችን ልመለስ። በአማርኛ በተተረጎሙ ስልኮች ላይ ዲስኤብል ብዙ ጊዜ «አሰናክል» ተብሎ ይታያል። ኢኔብል ደግሞ «አንቃ»። አሰናክል የሚለውን መጀመሪያ ሳየው ከበድ ብሎኝ ነበር። በኋላ ቤተሰቡን አሰብኩ። መሰናክል ከዚሁ ሥር ነው። ድሮ አካል ጉዳተኞች ይጠሩበት የነበረው፣ ዛሬ በደግ የማይሰማው «አካለ ስንኩል»ም ከዚሁ ሥር ነው። መንገድ ላይ የተጋረጠው ነገርና መንገድ ያጣው ሰው በአንድ ሥር ተገናኝተዋል።

ስለዚህ የዩፒያስን ሐሳብ ወደ አማርኛ መልስ ብባል ሌላ ግስ አልፈልግም። ጉዳት ያለባቸውን ሰዎች የሚያሰናክላቸው ማኅበረሰቡ ነው እላለሁ።