ለባት የሚገባው ክብር

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ ብቻዬን ነኝ። ላወራችሁ የፈለግኩት ስለ ባት ነው።

የዩሴን ቦልትን የ2009 የበርሊን 100 ሜትር ደጋግሜ አያለሁ። 9.58። ሰው የሚያወራው ስለ መጨረሻው ነው፤ እኔን የሚይዘኝ መነሻው ነው። የመጀመሪያው 20 ሜትር 2.89 ሰከንድ ፈጅቶበታል። ከ60 እስከ 80 ያለውን 20 ሜትር ግን በ1.61 ጨረሰው። ቆሞ የነበረን ሰው እዚያ ፍጥነት ላይ ምን ያደርሰዋል?

እግሩን ከሚያስደግፍበት የመነሻ ብሎክ ሲወጣ ቪዲዮውን አቁሙት። ገላው ወደፊት አዘንብሏል። መሬት የነካው የእግሩ ፊት ነው። ጉልበቱ ጣቶቹን አልፎ ሄዷል። የፊት ጭኑ ጉልበቱን ሊዘረጋ፣ የመቀመጫው ጡንቻ ዳሌውን ሊገፋ ነው። ግን ያ ሁሉ ኃይል መሬት የሚደርሰው በቁርጭምጭሚት በኩል ነው። ቁርጭምጭሚቱ ከላላ የጭን ኃይል መንገድ ላይ ይባክናል። ያን የሚያጠብቀው፣ ከዚያም የሚገፋው ባት ነው።

ደግሞ በኃይል መርገጥ ብቻውን አይበቃም። ወደ ታች ብቻ የረገጠ ወደ ላይ ይነሳል እንጂ ወደፊት አይሄድም። መሬቱን ወደ ኋላ መግፋት አለበት።

በ2012 የወጣ የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ጥናት አለ። በሰከንድ እስከ 7 ሜትር ገደማ ሯጩ የሚፈጥነው በዋናነት እርምጃውን በማርዘም ነው፤ ያን የሚሠራው ባት ነው። ከዚያ በላይ ግን መሬት የመርገጫው ጊዜ በጣም ያጥራል፤ ባት በደንብ ለመግፋት ጊዜ ያጣል። ሥራው እግርን ቶሎ ቶሎ ወደሚያመላልሱት የዳሌ ጡንቻዎች ይዞራል። የኋላ ጭን ላይ ጫናው የሚበረታውም እዚያ ነው። ቦልት በ2017 ለንደን ላይ፣ በመጨረሻ ውድድሩ፣ የኋላ ጭኑ አሞት መሬት ላይ ሲወድቅ ያየ ሰው ይሄን አይረሳም።

ባት ስል ሁልጊዜ ትዝ የሚለኝ ኃይሌ ነው። ሲድኒ 2000፣ 10,000 ሜትር። ከ24 ዙር በኋላ፣ 250 ሜትር ገደማ ሲቀር፣ ኬንያዊው ፖል ቴርጋት አፈተለከ። ኃይሌ አልለቀቀውም፤ በ0.09 ሰከንድ ቀደመው። የሚገርመው ከውድድሩ በፊት የአኪለስ ጅማቱ ሲያስቸግረው ቆይቷል፤ በኋላም ቀዶ ጥገና ተደርጎለታል። የባትን ግፊት ወደ ተረከዝ የሚያሻግረው እኮ እሱ ጅማት ነው! በታመመ ጅማት እንደዚያ መፍጠን... እኔ እስካሁን ይደንቀኛል።

ጂም ውስጥ ግን ልጆቻችን ስኳት (ቁጢጥ ብሎ መነሳት) ብቻ ሲሠሩ አያለሁ። ያሳዝነኛል። እባካችሁ ተረከዝ ማንሳትንም ጨምሩ። ጉልበት ዘርግታችሁም፣ አጥፋችሁም። ሲታጠፍ በብዛት የሚሠራው ከሥር ያለው ሶሊየስ የሚባለው የባት ጡንቻ ነው። ክብደቱን ቀስ በቀስ ጨምሩ፤ ጅማት ከጡንቻ ዘግይቶ ነው የሚጠነክረው።