ርገጥ፣ ያዝ፣ ልቀቅ

እሺ… ዛሬ የመግቢያ ሙዚቃውን አልከፈትኩትም። ቀጥታ ልግባ፤ ካልገባሁ እንደ ባለፈው ሳምንት ቀረጻውን አጥፍቼው ነው የምነሳው።

አሮጊቷ መኪናዬ ተሠርታለች። ስትጠይቁኝ ስለከረማችሁ እሱን ላስቀድም። የኋላ የፍሬን ቱቦዎቿ በሙሉ ተቀይረዋል፤ በሻንሲው ላይ ወደ ኋላ የሚሄደው ረጅሙም፣ ከአክሱ ላይ ወደ ግራና ቀኝ ታምቡር የሚሄዱት አጫጭሮቹም። ፔዳሉ አሁን ገና ከላይ ሲነኩት ነው የሚይዘው።

ቁልቁለቱ ላይ የሆነውን ነግሬያችኋለሁ፣ አልደግመውም። ፔዳሉ ወለል ነካ፣ የፊቶቹ ያዙ፣ ቆምኩ። የፊቱና የኋላው መስመር ለየብቻ ስለሆነ ነው የተረፍኩት። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1968 ለአዳዲስ የቤት መኪናዎች ግዴታ ያደረገችው ይሄንኑ ነው፣ ፍሬን በሁለት መስመር እንዲከፈል። ከዚያ በፊት ባለ አንድ መስመር መኪና ላይ አንዲት ቱቦ ከተቀደደች አራቱም ጎማ ያለ ፍሬን ይቀራል። እና… አዎ። እኔን ግን እንቅልፍ የነሳኝ ቁልቁለቱ አይደለም።

ቅዳሜ ዕለት ነው። ቱቦዎቹ ገብተዋል፣ የቀረው አየሩን ማስወጣት ነው። እሱ ደግሞ ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ አንዱ ፔዳል ይረግጣል፣ አንዱ ከስር ተኝቶ ማስተንፈሻዋን ይፈታል። ወንድሜ መጣ። ሳልጠራው ነው የመጣው፣ እሱ እንደዚህ ነው። መሪው ላይ ተቀመጠ፣ እኔ ከስር ገባሁ። መጀመሪያ ከማስተር ሲሊንደሩ፣ ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን ወደ ቱቦዎቹ ከሚገፋው፣ በጣም የሚርቀው ጎማ። «ርገጥ» እላለሁ፤ «ረገጥኩ» ይላል። «ያዝ።» «ያዝኩ።» እፈታለሁ፣ ዘይቱ በላስቲኩ ውስጥ አረፋ እየተፋ ይወርዳል፣ እዘጋለሁ፣ «ልቀቅ»። እንዲህ እያልን ስድስት ሰባት ጊዜ። ሳልዘጋ ከለቀቀ አየሩ ተመልሶ ይገባል፣ ስለዚህ ድምፄን መጠበቅ አለበት። ጠበቀም። አንድም ጊዜ አልቸኮለም።

አረፋው እየሳሳ መጣ። እና ከላይ፣ ፊቱ አይታየኝም፣ ጫማው ብቻ ነው የሚታየኝ… እንዲህ አለ፦ «እትዬ፣ ያኔ ተውሼሽ እኔ ስነዳት ማፍሰስ ጀምሮ ነበር ማለት ነው እንዴ?»

እኔ «ርገጥ» አልኩት።

«ረገጥኩ» አለ።

…

ያቺን ሰዓት ነው የምመላለስባት። «ርገጥ» ያልኩበት ድምፅ ምንም አልተለወጠም እኮ። እንደ ቀድሞው ነው ያልኩት። እሱም ጥያቄውን አልደገመውም። ምናልባት አልሰማችኝም ብሎ ይሆናል። ምናልባት ደግሞ መልሱን አግኝቶታል። አላውቅም።

ጀምሮ ነበር። ቁልፉን በሰጠሁት ዕለት ጠዋት ከኋላ ግራ ጎማው ዘንድ ጎንበስ ብዬ አይቻለሁ። ቱቦዋ ሻንሲው ላይ የምትታሰርበት ክሊፕ አለ፤ እዚያ ስር ያለው ጭቃ ጠቁሮ ነበር። የቀረው ጭቃ ሁሉ ደርቆ አመድ መስሏል፣ የጥፍር ታህል ቦታ ብቻ ረጥባለች። በአውራ ጣቴ ነካሁት። ቀጭን ነው፣ ያሟልጫል። አሸተትኩት። የዲፈረንሻል፣ የኋላ አክሱ መሃል ያለው የጥርሶቹ ቤት፣ ዘይት ቢሆን ያ ድኝ ድኝ የሚለው ሽታው ጣት ላይ ውሎ ያድራል። ይሄ አልሸተተኝም። እና አፍንጫዬ ነግሮኝ እያለ አፌ «ዲፈረንሻሏ አላበች» አለ። በጨርቅ ጠረግኩት። ጨርቁን አጥፌ በር ኪስ ውስጥ ከተትኩት።

በዚያው ሳምንት ዳሽቦርዷ ላይ ያለው የፍሬን ማስጠንቀቂያ መብራት መታጠፊያ ላይ ብልጭ ብሎ ጠፍቶ ነበር። ኮፈኑን ከፍቼ ፍሬን ዘይት ጨመርኩላት። ፍሬን ዘይት እኮ እንደ ነዳጅ አያልቅም። ጎማውን ይዞ የሚያቆመው የፍሬን ሸራ ሲያልቅ ቀስ እያለ ጥቂት ዝቅ ይላል፣ በወራት። በሳምንት ውስጥ ከወረደ የሄደበት ቦታ አለ። ይሄን እኔ ነኝ ለእናንተ ስንት ጊዜ ያልኳችሁ።

ሲመልሳት «ፍሬኗ ትንሽ ለሰለሰብኝ» ብሎኝ ነበር። «አሮጊት ናት፣ ሁለቴ ርገጣት» አልኩት። ሕፃኗ ልጁ ከኋላ መቀመጫዋ ላይ ተኝታ ነበር።

…ውሃ ልጠጣ።

ስለ ሥራው ልንገራችሁ፣ እሱን ማውራት ይቀለኛል። የድሮው ቱቦ ብረት ነው፣ ውፍረቱ 4.75 ሚሊሜትር፣ ግድግዳው 1 ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም። ከውጭ ስታዩት ደህና ነው። ክሊፑን ሳነሳው ግን ዝገቱ እንደ ቅርፊት ተነሳ። ጭቃና እርጥበት የሚተኛው ክሊፑ ስር ነው፤ ዓይን የማይገባበት ቦታ። አዲሱን ከመዳብና ከኒኬል ቅይጥ አደረግኩት፣ 10 በመቶ ያህሉ ኒኬል ነው። አይዝግም፣ በእጅ ይታጠፋል። ቮልቮ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ ነው ወደዚህ የዞረው። ንጹሕ መዳብም ይሸጣል፣ እኔ ግን አልወደውም፤ ለስላሳ ነው፣ ንዝረት ሲበዛበት ይደክማል።

የቱቦዎቹ ማሰሪያ ዳዶዎች አልፈታ አሉ። አፉ በአንድ በኩል ብቻ የተከፈተ ቀለበት ቁልፍ ያስፈልጋል፣ በተራ ቁልፍ ከሄዳችሁ ማዕዘኑ ይላጣል። ከመፍታቴ በፊት ፔዳሉን ትንሽ ገፋ አድርጌ በእንጨት አስደገፍኩት፤ ማስተር ሲሊንደሩ ውስጥ ዘይት የምታወርደው ቀዳዳ ስትዘጋ ቱቦው ተፈትቶም መንጠባጠቡ ይቆማል። ይሄ ዘዴ ደስ ይለኛል። ከዚያ የቱቦው አፍ አለ፤ ሁለቴ ወደ ውስጥ የታጠፈ አለ፣ እንደ ጉልላት የተድቦለቦለም አለ፣ ከወጣው ጋር ካልገጠመ ያፈሳል። ሦስተኛውን ስሠራ ዳዶውን ሳላስገባ አፉን ከፈትኩት። ቆርጬ እንደገና ጀመርኩ። እጄ አይደለም የተሳሳተው፣ ሐሳቤ ሌላ ቦታ ነበር።

የወጣው ዘይት ሻይ መስሎ ነበር። ከአየር ላይ ውሃ ይስባል እኮ፤ ዶት 4 የሚባለው የፍሬን ዘይት ዓይነት አዲስ ሲሆን ቢያንስ 230 ዲግሪ ድረስ ሳይፈላ ይቆያል፣ ውሃ ከጠጣ ግን እስከ 155 ሊወርድ ይችላል። ስንት ዓመት አልቀየርኩትም ማለት ነው? እሱንም አየዋለሁ፣ ሌላ ቀን።

በመጨረሻ ከአክሱ በላይ ያለችውን፣ ጭነቱን እያየች የኋላውን ፍሬን የምትመጥነውን ቫልቭም አስተነፈስናት። ሞተሩ ተነስቶ ፔዳሉን አጥብቆ ረገጠ፣ እኔ በባትሪ እያንዳንዱን መጋጠሚያ አየሁ። ሁሉንም በደረቅ ወረቀት ነካካሁ። ደረቅ። ወረቀቱን ወጥቼ አሳየሁት፣ እንደ ልጅ። «ተመስገን» አለ። ፈገግ አለ። እጁን ታጥቦ ሄደ።

ያን ጊዜ ልነግረው ይገባ ነበር። ወይስ… አንዳንዴ የምለው፣ ምንም አልሆኑም፣ አሁን ብነግረው ለእሱ ምን ይጨምርለታል? የሚቀልለው ለኔ ነው። ግን ደግሞ ቁልፍ በሰጠሁት ቁጥር እያመነኝ ነው የሚወስደው። ባለፈው ዕቃ ልናነሳ ስንሄድ እሱ ነበር የሚነዳው፣ አሁንም ሁለቴ ነው የሚረግጣት። ማቋረጫ በደረስን ቁጥር፣ ጠብ ጠብ። አንድ ጊዜ ይበቃል፣ ተሠርታለች ልለው አፌ ድረስ ደርሶ…

እሱ ይሄን አይሰማም፤ ጊዜም የለው። ሚስቱ ግን ትሰማለች፣ ልብስ ስታጥፍ። አንቺ፣ እየሰማሽኝ ከሆነ፣ እባክሽ መጀመሪያ ለኔ ደውይልኝ። አይ… ቆይ። ይሄን እቆርጠዋለሁ። ወይም ልተወው፣ ዛሬ ማታ ከመልቀቄ በፊት እሱ ጋ ሄጄ…

ጨርቁ አሁንም በር ኪሱ ውስጥ ነው፣ ታውቃላችሁ?