በሩ ላይ የሚነሣው ጥያቄ፦ የሳይኮሲስ ታካሚና ሐኪሙ እንዴት ይግባባሉ?

(ምስል፦ የተመላላሽ ሕክምና ክፍል። አንድ ጠረጴዛ፣ ሦስት ወንበር፣ የታካሚ ካርድ።)

ተራኪ፦ ሐኪሙ ካርዱን እያገላበጡ «እንዴት ነህ?» ይላሉ። ወጣቱ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ ይመልሳል። «እንቅልፍስ?» «ደህና ነው።» «መድኃኒቱን በአግባቡ እየወሰድክ ነው?» «አዎ።» በሦስተኛው ወንበር የተቀመጠችው እኅቱ ቀና ብላ «ሌሊት ብቻውን ያወራል» ትላለች። ሐኪሙ ወደ እርሷ ዞረው «ምግብስ ይበላል?» ይላሉ፤ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ወጣቱ በገዛ ጉዳዩ ላይ «እሱ» ሆኖ ይቀራል። መድኃኒት ይታዘዛል፣ ቀጠሮ ይሰጣል፣ ሁሉም ይነሣል። ወጣቱ እጁን የበሩ እጀታ ላይ እንዳደረገ ዞር ይልና «ዶክተር፣ ግን ለምንድን ነው ስሜን እየጠሩ የሚሰድቡኝ?» ብሎ ይጠይቃል።

ይህ ትዕይንት ለማስረዳት ያህል የተዘጋጀ እንጂ የማንም ታካሚ ታሪክ አይደለም። በሩ ላይ የሚነሣው ጥያቄ ግን በጥናት የታወቀ ነገር ነው።

ሳይኮሲስ የአንድ በሽታ ስም ሳይሆን ሰው ከእውነታው ጋር ያለው ግንኙነት የሚዛባበት ሁኔታ መጠሪያ ነው፤ በስኪዞፍሬኒያ፣ በባይፖላር፣ አንዳንድ ጊዜም በከባድ ድብርት ወይም በአደንዛዥ ዕፅ ምክንያት ይመጣል። ሌላው የማይሰማውን ድምፅ መስማት፣ ሰዎች እየተከታተሉኝ ነው ብሎ ማመን፣ ሐሳብ መበታተን ከምልክቶቹ ዋና ዋናዎቹ ናቸው። ስለ ሕመሙ ራሱ በዚህ እናቁም፤ የዛሬው ጉዳያችን ስለ ሕመሙ የሚደረገው ንግግር ነው።

(ምስል፦ የቪዲዮ ካሜራ በክፍሉ ጥግ።)

ተራኪ፦ ሮዝ ማኬብ የተባሉ ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር በእንግሊዝ አገር በሥነ አእምሮ ሐኪሞችና በታካሚዎቻቸው መካከል የተደረጉ 32 የተመላላሽ ሕክምና ውይይቶችን ቀርጸው ቃል በቃል መረመሩ። ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ2002 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል ታተመ። የሳይኮሲስ ታካሚ ስለ ሕመሙ ማውራት አይፈልግም የሚለው የተለመደ አባባል እዚህ ላይ ተሰነጠቀ፤ ታካሚዎቹ ስለሚሰሙትና ስለሚያምኑት ነገር በቀጥታ ይጠይቁ፣ መልስ ሲያጡ ደግመው ይጠይቁ፣ ያም ካልሆነ ውይይቱ ሊያበቃ ሲል እንደገና ያነሡት ነበር። የሚሸሹት ሐኪሞቹ ነበሩ። ጥያቄውን በሌላ ጥያቄ ይመልሳሉ፤ አስታማሚ ክፍሉ ውስጥ ሲኖር ደግሞ ፈገግ ይላሉ ወይም ይስቃሉ። ከታካሚዎቹ አንዱ «አምላክ ነኝ» ሲሉ ሰዎች ለምን እንደማያምኗቸው ሐኪማቸውን ጠይቀዋል። ለዚህ በቀላሉ የሚገኝ መልስ የለም፤ ሐኪሞቹን በጭካኔ መክሰስም ፍርደ ገምድልነት ይሆናል።

ሐኪሙ የሚጨነቅበት ምክንያት ግልጽ ነው። «አዎ፣ ይሰድቡሃል» ቢል ሕመሙን ያጸናው ይመስለዋል፤ «የለም፣ ማንም አይሰድብህም» ቢል ደግሞ ታካሚው ከዚያ በኋላ ምንም ላይነግረው ይችላል። በመካከል ግን የሚያልፍ መንገድ አለ፤ ስለ ድምፁ መኖር አለመኖር መከራከሩን ትቶ ድምፁ በሰውየው ሕይወት ላይ ስለሚያደርሰው ነገር መነጋገር ነው። «እኔ ድምፁ አይሰማኝም፤ አንተ ግን እንደሚሰማህ አምናለሁ። ስምህን ጠርተው ሲሰድቡህ ምን ታደርጋለህ?» ማለት ይቻላል። ይህ አነጋገር ውሸት የለበትም፤ ፍርሃቱ ግን ሰሚ ያገኛል።

እነዚሁ ተመራማሪዎች ከዓመታት በኋላ ለሥነ አእምሮ ሐኪሞች ሥልጠና አዘጋጁ። ሥልጠናው በአራት ሳምንት ውስጥ የሚሰጥ ሲሆን፣ 12 ሰዓት በቡድን፣ አንድ ሰዓት ደግሞ ሐኪሙ የራሱን ውይይት በቪዲዮ እያየ በግል የሚታረምበት ነበር። የሠለጠኑትንና ያልሠለጠኑትን ለማነጻጸር 21 ሐኪሞችና 97 ታካሚዎች የተሳተፉበት ሙከራ ተካሂዶ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2016 ታተመ። ከሁሉ ይልቅ የሚያስገርመው የመለኪያው ነገር ነው። ተመራማሪዎቹ የቆጠሩት ሐኪሙ ስንት ጊዜ የራሱን ንግግር መሐል ላይ አቋርጦ እንዳቃናው ነበር።

እኛ አንደበተ ርቱዕ ሰው የምንወድ ሕዝብ ነን፤ ሳይደናቀፍ የሚናገር ሐኪም አዋቂ ይመስለናል። እዚህ ግን በጎ ምልክት ሆኖ የተገኘው መደናቀፉ ነው። ምን ማለት እንደሆነ በምሳሌ እንስማው።

(ድምፅ፦ የሐኪም ንግግር፣ ዝግ ብሎ።)

«መድኃኒቱን በአግባቡ... ቆይ፣ እንዲህ ልጠይቅህ። ካለፈው ቀጠሮ ወዲህ ክኒኑን ያልዋጥክበት ቀን... ማለቴ፣ መዋጥ ያስጠላህ ቀን አለ? ብዙ ሰው ያስጠላዋል፤ አንተ ብቻ አይደለህም።»

ተራኪ፦ የመጀመሪያዋ «በአግባቡ እየወሰድክ ነው?» የምትለው ጥያቄ መልሷን ይዛ የመጣች ናት፤ ጨዋ ልጅ ሐኪም ፊት «አይ፣ በአግባቡ አልወስድም» አይልም። ሐኪሙ ይህን በታካሚው ፊት ላይ አንብቦ ዓረፍተ ነገሩን ሁለት ጊዜ ሲሰብረው፣ እየተናገረ ያለው ለካርዱ ሳይሆን ፊት ለፊቱ ለተቀመጠው ሰው እንደሆነ ይታወቃል። በሙከራው የሠለጠኑት ሐኪሞች ካልሠለጠኑት ይልቅ ንግግራቸውን በ44 በመቶ አብዝተው አቃንተዋል፤ ከታካሚዎቻቸው ጋር ያላቸውን ግንኙነትም ሐኪሞቹም ታካሚዎቹም የተሻለ ብለው መዝነውታል።

ማቃናቱ ከታካሚው ወገንም ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ2013 በታተመ ሌላ ጥናት «ምን ማለትዎ ነው?» እያሉ የሐኪሙን ንግግር አጥብቀው የሚያጣሩ ታካሚዎች ከስድስት ወር በኋላ ሕክምናቸውን ይበልጥ የሚከታተሉ ሆነው ተገኝተዋል። በአገራችን ክፍሎች ይህ ቀላል አይደለም፤ ሐኪምን መልሶ መጠየቅ እንደ ድፍረት ይቆጠራል። ስለዚህ በሩን መክፈት የሐኪሙ ድርሻ ይሆናል፤ «ገባህ?» ብሎ መጠየቁ ግን አይከፍተውም፤ ለእርሱም የተዘጋጀው መልስ «አዎ» ነው። «ይህን ነገር በደንብ አላስረዳሁህ ይሆናል፤ የቱ ጋ ነው ያጠፋሁት?» ቢባል ጥፋቱ ወደ ተናጋሪው ስለሚዞር መጠየቅ አያሳፍርም።

ደግሞ ሌላ ትንሽ መሣሪያ አለ። የሰሙትን መልሶ በማረጋገጫ መልክ ማቅረብ ከታካሚው ጋር ከሚኖር የተሻለ ግንኙነት ጋር እንደሚያያዝ ይኸው ቡድን አሳይቷል። አማርኛ ለዚህ የተፈጠረች ናት ማለት ይቻላል፤ «ማለት ነው» የምትል ሐረግ አለቻት። «ስለዚህ ሲመሽ ፍርሃቱ ይብስብሃል ማለት ነው።» ታካሚው ልክ ከሆነ ይቀጥላል፤ ካልሆነም «አይ፣ ሲነጋ ነው» ብሎ ያርማል።

(ምስል፦ አስተርጓሚ በሐኪምና በታካሚ መካከል።)

ተራኪ፦ በአሜሪካ፣ በእስራኤል ወይም በአውሮፓ የሚታከም አማርኛ ተናጋሪ ሲሆን ደግሞ በመካከል አስተርጓሚ ይገባል። «ሆዴን ባር ባር ይለኛል» የሚል ሰው የሆድ ሕመምተኛ ተብሎ ሊመዘገብ ይችላል። «ጎረቤቶቼ ያሙኛል» የሚለው ደግሞ የተለመደ የሰፈር ሐሜት ይሁን ወይስ በግድግዳ በኩል የሚሰማ ድምፅ፣ ሳይጠየቅ አይታወቅም። የበለጠ አደገኛው ግን የአስተርጓሚው ደግነት ነው። ታካሚው የተናገረው የተበታተነ ሲሆን፣ እንዳያሳፍረው ብሎ አቃንቶና አሳምሮ ቢተረጉመው ሐኪሙ ሊያየው የሚገባውን ምልክት ያጠፋበታል። አስተርጓሚ «ንግግሩ ሊያያዝልኝ አልቻለም፤ እንዳለው ልበለው» ቢል ይሻላል። ቤተሰብ ሲያስተረጉም ችግሩ ይከፋል፤ እኅት የወንድሟን ንግግር ስትተረጉም የራሷን ጭንቀት ጨምራበት ይሆናል።

በአገር ቤት ደግሞ ሊነገር ሲገባ የሚቀረው ብዙ ነገር አለ። ሰው ጠበል ሄዶ ከመጣ፣ መተት ተደርጎብኛል ብሎ ካመነ፣ ሐኪሙ ይገላምጠኛል ብሎ ይደብቃል፤ በጠበሉ ሰሞን ክኒኑን ትቶት እንደሆነም አብሮ ይደበቃል። «ጠበል ትጠመቃለህ? መልካም፤ በዚያ ጊዜ መድኃኒቱን እንዴት ታደርገዋለህ?» ተብሎ ቢጠየቅ ሁለቱንም በአንድ አፍ ይናገራል። በነገራችን ላይ፣ ከሕመሙ ጋር «አንቱ»ታውን የሚያጣ ሰው ጥቂት አይደለም። የ50 ዓመት ሰው፣ በሰፈሩ «ጋሼ» ሲባል የኖረ፣ በተመላላሽ ክፍል ውስጥ በልጁ ዕድሜ ባለ ባለሙያ «አንተ፣ ና ግባ» ይባላል። ስለ ግንኙነት ክህሎት ከመወያየት በፊት ያቺን «አንቱ»ታ መመለስ ምንም በጀት አይጠይቅም።

በውይይቱ ማን ርእስ ይመርጣል የሚለውም ትልቅ ነገር ነው። በስድስት የአውሮፓ አገሮች 507 ታካሚዎች የተሳተፉበትና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ዲያሎግ የተባለ አሠራር አለ። ታካሚው በየሁለት ወሩ በስምንት የሕይወት ጉዳዮችና በሦስት የሕክምና ጉዳዮች ምን ያህል እንደሚረካ ከአንድ እስከ ሰባት ነጥብ ይሰጣል፤ ተጨማሪ እርዳታ የሚፈልገው በየትኛው እንደሆነም ይናገራል። ከ12 ወር በኋላ በዚህ መንገድ የታከሙት የተሻለ የኑሮ ጥራት ነበራቸው። መኖሪያ፣ ሥራ፣ ወዳጅነት ከክኒኑ እኩል መጠየቃቸው ነው ቁም ነገሩ። የቤት ኪራይ ያስጨነቀው ሰው ስለ እንቅልፉ ብቻ ሲጠየቅ «ደህና ነው» ማለቱ አያስገርምም።

(ምስል፦ ያው ክፍል፣ ሦስቱ ወንበሮች።)

ተራኪ፦ ወደ ወጣቱ እንመለስ። ሐኪሙ በዛሬው ቀጠሮ ካርዱን ዘግተው ወደ ጎን አድርገዋል። «ከመሄድህ በፊት ሳይሆን አሁን፣ በመጀመሪያ፣ ምን እንድናወራ ትፈልጋለህ?» ይላሉ። እኅቱ ልትመልስ አፏን ትከፍታለች፤ ሐኪሙ በእጃቸው ቆይ ይሏታል። ወጣቱ ወለሉን ያያል። ዝምታው ይረዝማል፤ ለሐኪም አምስት ሰኮንድ ረጅም ነው። ከዚያ «ስሜን ይጠራሉ» ይላል።

«ማነው የሚጠራህ... አይ፣ ልክ አልጠየቅኩህም። ሲጠሩህ የት ሆነህ ነው?»

«ማታ፣ ኩሽና ውስጥ» ይላል ወጣቱ። እኅቱ ይህን ሰምታ አታውቅም ነበር።