ገደብ በቀን ቀጠሮ አይነሳም

ክቡራትና ክቡራን፣ የከተማ አስተዳዳሪዎች፣ የትምህርት ቤትና የድርጅት ኃላፊዎች፣ የጤና ባለሙያዎች፤

የዓለም ጤና ድርጅት ኮቪድ 19 ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ ሆኗል ያለው ማርች 11 ቀን 2020 ነው። የምጠቅሳቸው ቀናት ሁሉ በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር ናቸው። ከዚያ በኋላ ወር ሳይሞላ በእንቅስቃሴና በስብሰባ ላይ በተጣለው ገደብ በየአገሩ አንድ ዓይነት ክርክር ተነሳ። አንዱ ወገን «ገደቡ ይቀጥል፣ ያለዚያ በሽታው ይጨርሰናል» አለ። ሌላው «ገደቡ ይነሳ፣ ያለዚያ ረሃቡ ይጨርሰናል» አለ። ሁለቱም ሐሰት አልተናገሩም። ሆስፒታሎች ሞልተው ሰው በኮሪደር ላይ ሲሞት ታይቷል። በዚያው ወቅት ደግሞ ትምህርት ቤት ተዘግቶባቸው ቤት የዋሉት ተማሪዎች በዓለም ዙሪያ ከ1.5 ቢሊዮን በላይ ነበሩ፤ በብዙ አገሮች የኩፍኝ ክትባት ዘመቻ ተቋርጦ ነበር፤ የዕለት ጉርሱን በዕለት ሥራ የሚያገኝ ሰው ደግሞ አንድ ቀን ከቤት ከዋለ ማታ ጾሙን ያድራል።

ክርክሩ ግን «ይከፈት ወይስ አይከፈት» ላይ ተቸክሎ ቀረ። ሥራ የሚያሠራው ጥያቄ ሌላ ነው። ምን ይቅደም? በአንዱ እርምጃና በሚቀጥለው መካከል ስንት ቀን ይቆይ? ቁጥሩ ስንት ሲደርስ ወደ ኋላ እንመለስ? እነዚህ ሦስቱ ከመክፈቻው ቀን በፊት በወረቀት ላይ ካልሰፈሩ፣ የሚወስነው የጮኸው ወገን ይሆናል።

በቅድሚያ ስለ መዘግየት ልናገር፤ ብዙው ስህተት የሚመጣው ከዚህ ነውና። በመጀመሪያው የኮቪድ ዝርያ ዛሬ የተያዘ ሰው ምልክት የሚያሳየው በአማካይ ከ5 ቀን በኋላ ነው፤ እስከ 14 ቀንም ሊቆይ ይችላል። ሕመሙ የሚጠናበት ሰው ሆስፒታል የሚገባው ምልክቱ ከጀመረ ከሳምንት ገደማ በኋላ ነው። ሞት ቢከተል ደግሞ ከተያዘበት ቀን ሦስት ሳምንትና ከዚያም በላይ ያልፋል። ስለዚህ ሰኞ የተነሳ ገደብ በምርመራ ቁጥር ላይ በግልጽ የሚታየው በሁለተኛው ሳምንት፣ በሆስፒታል አልጋ ላይ በሦስተኛው፣ በሟቾች ቁጥር ላይ ከዚያም ዘግይቶ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት «ይኸው ከፈትን፣ ምን ሆነ?» የሚል ሰው የሚያየው ገደቡ ሳይነሳ በፊት የነበረውን ሁኔታ ነው። በሟቾች ቁጥር ብቻ እየተመራ ገደብ የሚመልስ አስተዳደርም ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆንበታል።

ስሌቱን በቀላል ቁጥር እንየው። አንድ የተያዘ ሰው በአማካይ ለ0.8 ሰው የሚያስተላልፍ ከሆነና አንዱ የመተላለፍ ዙር 5 ቀን ቢወስድ፣ 100 የነበረው አዲስ ታማሚ በ25 ቀን ወደ 33 ይወርዳል። ገደቡ ሲላላ ያው ቁጥር 1.3 ቢሆን፣ በእነዚያው 25 ቀናት 100ው 371 ይሆናል። ከ0.8 ወደ 1.3 ለመድረስ የሚያስፈልገው ለውጥ ከላይ ሲታይ ትንሽ ነው፤ ጥቂት ተጨማሪ ስብሰባ፣ ጥቂት የተዘጋ መስኮት ይበቃል። የጃፓኗ ሆካይዶ ፌብሩዋሪ 28 ቀን 2020 ያወጀችውን አስቸኳይ ሁኔታ ማርች 19 አነሳች፤ ወር ሳይሞላ፣ ኤፕሪል 12 እንደገና አወጀች። ነገሩ አዲስም አልነበረም። በ1918ቱ የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ ሳን ፍራንሲስኮ የጭንብል ግዴታዋን ኖቬምበር 21 በደስታ ካነሳች በኋላ፣ በጃንዋሪ 1919 መልሳ ደንግጋለች።

እንግዲህ ለማላላት ዝግጁ መሆናችን በምን ይታወቃል? የዓለም ጤና ድርጅት በኤፕሪል 2020 ስድስት መስፈርት አውጥቶ ነበር፤ ሁሉንም አልዘረዝርም። በተግባር ብዙ ጊዜ የሚያዳልጡት ሁለቱ ናቸው።

አንደኛው ምርመራ ነው። በቀን የተገኘው ታማሚ ቁጥር ብቻውን ምንም አይነግረንም፤ የመረመረ ያገኛል፣ ያልመረመረ አያገኝም። ማየት ያለብን ከተመረመሩት ውስጥ ስንት በመቶው ተይዘው እንደተገኙ ነው። ድርጅቱ በሜይ 2020 ያስቀመጠው ልክ ሰፊ ምርመራ እየተደረገ ቢያንስ ለ2 ሳምንት ከ5 በመቶ በታች መሆን ነው። 20 በመቶ ከሆነ፣ የምናየው የበሽታውን ጥግ ብቻ ነው ማለት ነው። ከዚህ እኩል የሚያስፈልገው ውጤቱ የሚደርስበት ፍጥነት ነው። ሰው ቫይረሱን ምልክት ከማሳየቱ 1 ወይም 2 ቀን አስቀድሞ ያስተላልፋል። ናሙና ከሰጠ በ5ኛው ቀን ውጤቱ የሚነገረው ከሆነ፣ ንክኪ የነበራቸው ሰዎች ሲፈለጉ እነሱም አስተላልፈው ጨርሰዋል። እንዲህ ያለ ላቦራቶሪ ቁጥር ይመዘግባል እንጂ ስርጭት አይቆርጥም። ናሙና ከተሰጠበት ሰዓት አንስቶ ንክኪ ያላቸው ሰዎች እስኪነገራቸው ድረስ ያለውን ጊዜ በሰዓት ቆጥራችሁ መዝግቡ። ከ48 ሰዓት ካለፈ ገደብ ከማላላት በፊት የሚጠገነው እሱ ነው።

ሁለተኛው የሆስፒታል አቅም ነው። እዚህ ላይ ሁሉም አልጋ ይቆጥራል፤ የሚጎድለው ግን አብዛኛውን ጊዜ ኦክስጅን ነው። በደቂቃ 10 ሊትር የሚያስፈልገው ታማሚ በቀን 14,400 ሊትር ይጨርሳል። 6,800 ሊትር የሚይዝ ትልቅ ሲሊንደር እንዲህ ላለው ሰው ከ11 ሰዓት ብዙም አያልፍም። 20 እንዲህ ያሉ ታማሚዎች ካሉ በቀን ከ42 በላይ ሲሊንደር ተሞልቶ፣ ተጭኖ፣ ደርሶ፣ ተገጥሞ መገኘት አለበት፤ ሌሊትም፣ በበዓልም። ስለዚህ «ስንት አልጋ አለን?» ከማለት በፊት ሲሊንደር የሚሞላው ማነው፣ መንገዱ ስንት ሰዓት ይወስዳል፣ ሌሊት የሚቀይረው ባለሙያ ማነው ተብሎ ይጠየቅ።

ወደ ቅደም ተከተሉ ልግባ። ይህ ቫይረስ በሁሉም ሰው እኩል አይዛመትም። ከተያዙት ውስጥ ከ10 እስከ 20 በመቶ የሚሆኑት 80 በመቶ ያህሉን መተላለፍ እንደሚያደርሱ ጥናቶች ደጋግመው አሳይተዋል። ይህ የሚሆነው በአብዛኛው አየር በማይገባበት ቤት ውስጥ፣ ብዙ ሰው ረጅም ሰዓት ተጠጋግቶ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ነው። በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት ማርች 10 ቀን 2020 ሁለት ሰዓት ተኩል በፈጀ የመዘምራን ልምምድ ላይ ከተገኙት 61 ሰዎች መካከል በምርመራ የተረጋገጠውና በምልክት የተገመተው ሲደመር 53ቱ ታመዋል፤ ሁለቱ ሞተዋል። ደቡብ ኮሪያ ሜይ 6 ቀን 2020 ገደቡን ባላላች በቀናት ውስጥ ከሴኡል የምሽት ክበቦች የተነሳ ስርጭት ክበቦቹን መልሶ አስዘግቷል።

ከዚህ የሚወጣው መመሪያ ግልጽ ነው። ሜዳ ላይ ያለው ከቤት ውስጥ ይቅደም። አጭሩ ከረጅሙ ይቅደም። ዝም ተብሎ የሚሠራው ከሚጮኽበትና ከሚዘመርበት ይቅደም። ሁልጊዜ ያው ሰው የሚገናኝበት ቦታ፣ በየቀኑ አዲስ ሰው ከሚጎርፍበት ይቅደም። የገበያ ቦታን ዘግቶ አዳራሽን የፈቀደ አስተዳደር ነገሩን ገልብጦታል። ዴንማርክ ኤፕሪል 15 ቀን 2020 መጀመሪያ የከፈተችው የትንንሾቹን ልጆች ክፍሎች ነው፤ በትንንሽ ቡድን ከፋፍላ፣ ቡድን ከቡድን እንዳይቀላቀል አድርጋ። እኔም ብጠየቅ ትምህርት ቤት ከመጠጥ ቤት በፊት ይከፈት እላለሁ፤ ይህ የሳይንስ ብቻ ሳይሆን የሚበልጥብንን የመምረጥ ጉዳይ ነው።

ትምህርት ቤት መክፈት ግን በሩን መክፈት ብቻ አይደለም። በሜይ 2020 አጋማሽ እስራኤል ትምህርት ቤቶቿን ሙሉ በሙሉ ከፈተች። ወዲያው ኃይለኛ ሙቀት መጣ፤ ለሦስት ቀን ጭንብል ማድረግ ቀረ፤ መስኮት ተዘጋ፣ የአየር ማቀዝቀዣ ተከፈተ። በኢየሩሳሌም በአንድ ትምህርት ቤት፣ በአንድ ክፍል ከ35 በላይ ተማሪ ይቀመጥ ነበር። ከተከፈተ ከ10 ቀን ገደማ በኋላ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ታማሚዎች ታወቁ፤ ሁሉም ሲመረመር 153 ተማሪዎችና 25 ሠራተኞች ተይዘው ተገኙ። መመሪያው ጭንብልንም ርቀትንም ይዞ ነበር። ሙቀት ሲመጣ ምን እንደሚደረግ ግን አስቀድሞ የታሰበበት አልነበረም።

ስለዚህ የእያንዳንዱ ክፍል ልክ ይሠራለት። 9 ሜትር በ7 ሜትር የሆነ ክፍል 63 ካሬ ሜትር ነው። ቁም ሣጥኑ፣ ጠረጴዛውና መተላለፊያው 15 ካሬ ሜትር ቢወስዱ 48 ይቀራል። ለአንድ ሰው 4 ካሬ ሜትር ቢመደብ 12 ሰው ይይዛል። መምህሩ ከ12ቱ አንዱ ነው፤ ስለዚህ ተማሪው 11 ነው። በሱቅም በቢሮም የሚደጋገሙት ሁለት ስህተቶች እነዚሁ ናቸው፦ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ መለካትና ሠራተኛውን አለመቁጠር።

ርቀት ብቻውን ደግሞ አይበቃም። ከትንፋሽ የሚወጣው ጥቃቅን ጠብታ አየር ላይ ይንሳፈፋል፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ እንዲጠበቅ የሚባለውን 2 ሜትር ርቀት አልፎ ይሄዳል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ያወጣው ልክ ለአንድ ሰው በሴኮንድ 10 ሊትር አዲስ አየር ነው። ለ12 ሰው በሰዓት 432 ሜትር ኩብ ማለት ነው። ፊት ለፊት የተያዩ ሁለት መስኮቶች ሲከፈቱ አየሩ ተሻግሮ ይወጣል፤ በአንድ ወገን ብቻ ከተከፈተ ግን የክፍሉ ጥግ እንደታፈነ ይቀራል። ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው የተለመደው ማቀዝቀዣ የክፍሉን አየር መልሶ መላልሶ ያዞራል እንጂ ከውጭ አዲስ አየር አያስገባም፤ የሚያቀዘቅዝ ሁሉ የሚያናፍስ መስሎን አንሳሳት። ትንሽ የካርቦን ዳይኦክሳይድ መለኪያ ካለ ሥራው ይቀላል፤ ይህ ጋዝ ከሰው ትንፋሽ ስለሚወጣ፣ ክፍሉ ሲታፈን ቁጥሩ ይጨምራል። ከመስኮቱና ከሰው ትንፋሽ ራቅ አድርጋችሁ፣ የተቀመጠ ሰው ጭንቅላት በሚደርስበት ከፍታ ላይ አስቀምጡት። በውጭው አየር 420 ፒፒኤም (ከሚሊዮን ክፍል 420) ገደማ ያነባል፤ በክፍሉ ውስጥ ከ800 በታች ከሆነ ጥሩ ነው፤ ከ1,500 ካለፈ ሰዉ ወጣ ይበል፣ መስኮቱ ይከፈት። ጥቂት ሰው ባለበት ትልቅ አዳራሽ ግን ንባቡ ዝቅ ስላለ ብቻ አትተማመኑ፤ ተጠግቶ የሚያወራ ሰው ካለ አደጋው እዚያው ነው።

ስለ በረኪናና ስለ ርጭት አጭር ልናገር። 5 በመቶ ከሆነው በረኪና 20 ሚሊ ሊትር በ980 ሚሊ ሊትር ውሃ ማዋሃድ የዕቃና የወለል ገጽ ለማጽዳት ይበቃል፤ መጀመሪያ ቆሻሻው በሳሙና ይታጠብ፣ ውህዱ በየቀኑ አዲስ ይሠራ፣ ከአሲድም ከአሞኒያም ጋር አይቀላቀል። መንገድ ላይና ሰው ላይ መርጨት ግን ገንዘብ ማባከን ነው፤ ሰው ላይ ሲሆን ጉዳትም አለው። በር ላይ የሚደረግ የሙቀት ልኬትም ምልክት ያልጀመረውን ሰው አይይዝም። ለርጭት የተመደበው ገንዘብ መስኮት ለማስጠገን ቢውል ይሻላል።

አሁን ወደ ፍሬኑ፣ ማለትም ገደቡን ወደሚያስመልሰው ቁጥር። ጀርመን በሜይ 2020 ገደቡን ስታላላ ከማላላቱ ጋር አብሮ መመለሻውን አስቀመጠች፤ በአንድ ወረዳ በ7 ቀን ውስጥ ከ100,000 ሰው 50 አዲስ ታማሚ ከተገኘ ገደቡ በዚያ ወረዳ ይመለሳል። 80,000 ሕዝብ ባለው ከተማ ይህ 40 ሰው ነው። 6,000 ሰው ባለበት ትንሽ ቦታ ግን 3 ሰው ብቻ ይሆናል፤ አንድ ቤተሰብ ቢታመም ፍሬኑ ይያዛል ማለት ነው። በትንንሽ ቦታ የ14 ቀን ድምር ይታይ፤ ታማሚዎቹ እርስ በርስ የተገናኙ ናቸው ወይስ ምንጫቸው ያልታወቀ የሚለውም አብሮ ይጠየቅ። ምንጩ ያልታወቀ 5 ሰው፣ ከአንድ ሠርግ የመጡ 15 ሰዎችን ያህል ሊያሳስብ ይገባል። ስንመለስ ደግሞ አንድ ደረጃ ብቻ፣ በመጨረሻ የከፈትነውን ዘግተን እንመለስ። ይህ የሚቻለው አንድ በአንድ፣ በመካከሉ ቢያንስ 2 ሳምንት ጠብቀን ከከፈትን ነው። አምስት ነገር በአንድ ቀን ከተከፈተ የትኛው እንዳሳመመን አናውቅም፤ አምስቱንም መዝጋት ግድ ይሆናል።

አንድ የቀረ አለ፤ ከሁሉም ያሳስበኛል። ሲንጋፖር በ2020 መጀመሪያ ስርጭቱን በመቆጣጠር የምትመሰገን ነበረች። በኤፕሪል ግን በአንድ ክፍል ብዙ ሆነው በሚያድሩ የውጭ አገር ሠራተኞች ማደሪያዎች ውስጥ በሽታው ተዛመተ። ርቀት መጠበቅ የማይችለው ሰው በእቅዱ ውስጥ ካልተቆጠረ እቅዱ ከእሱ በኩል ይፈርሳል። በአንድ ክፍል ስድስት ሆኖ የሚኖር ሰው «ራስህን ለይ» ቢባል የት ይለያል? 14 ቀን ከሥራ ቢቀር ደሞዙን ማን ይከፍለዋል? መልስ ካላገኘ ምልክቱን ይደብቃል፣ አብረውት የነበሩትንም አይናገርም። በዚህ ልንፈርድበት አይገባም። ሴኡል ከክበቦቹ ስርጭት በኋላ ስም ሳይጠየቅ የሚመረመሩበትን መንገድ የከፈተችው ሰው እንዳይታወቅ ፈርቶ ስለሸሸ ነው።

በዚህ ሳምንት በየመሥሪያ ቤታችሁ የምትጽፉት ገጽ እነዚህን ይያዝ፦ የሚከፈተውን በቅደም ተከተል፣ የመጠበቂያውን ቀን፣ ፍሬኑ የሚያዝበትን ቁጥር፣ ቁጥሩ ሲደርስ በ24 ሰዓት ውስጥ የሚወስነውን ሰው ስምና ምክትሉን፣ ተለይቶ የሚቀመጥ ሰው ምግብና ደሞዝ ከየትኛው በጀት እንደሚወጣ። ኒውዚላንድ አራቱን የገደብ ደረጃዎቿን ለሕዝብ ያሳወቀችው ማርች 21 ቀን 2020 ነው፤ ሙሉ በሙሉ የዘጋችው ከዚያ 4 ቀን ዘግይታ ነው። ሕዝቡ በሩ ከመዘጋቱ በፊት መውጫውን ያውቅ ነበር። የእናንተም ገጽ ሲያልቅ በር ላይ ይለጠፍ፤ ፋይል ውስጥ አይቀመጥ።

አመሰግናለሁ።